የወረዳ ፖሊስ አሠራር እንዴት ይስተካከላል? ለሰሜን ሸዋ ነዋሪዎች የተጻፈ መመሪያ

በሰሜን ሸዋ ከመንዝ እስከ ምንጃር፣ በእድር ስብሰባም ሆነ ከቅዳሴ መልስ በሚደረግ ወግ ስለ ፖሊስ ሲነሣ ሁለት ዓይነት አስተያየት ይደመጣል። አንደኛው «ያ መርማሪ ከዚህ ቢነሣልን ሁሉም ነገር ይስተካከል ነበር» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ነገሩ ከላይ ጀምሮ የተበላሸ ስለሆነ ማንም አያቃናውም» የሚል ነው። የመጀመሪያው መርማሪው ተዛውሮ አዲስ ሰው ሲተካና ያው አሠራር ሲቀጥል ፉርሽ ይሆናል። ሁለተኛው ደግሞ የተበደለ ሰው አቤቱታውን ሳይጽፍ ቤቱ እንዲቀመጥ ያደርጋል። በእኔ እምነት ሥር የሰደደ የፖሊስ አሠራር ችግር ሊስተካከል ይችላል፤ የሚስተካከለው ግን ችግሩ በየትኛው የሥራ ደረጃ ላይ እንደሚፈጠር ተለይቶ ሲታወቅ፣ በቀንና በሰዓት ተመዝግቦ ሲቀርብና ያንን ደረጃ ለመለወጥ ሥልጣን ላለው አካል ሲደርስ ነው። ከዚህ በታች ያለው ይህንን ሥራ አንድ ቀበሌ ወይም አንድ እድር እንዴት ሊሠራው እንደሚችል የሚያሳይ ነው።

አስቀድሞ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። አሁን በዚህ ሰዓት የታሰረባችሁ ሰው ካለ ይህን ሁሉ ሂደት አትጠብቁ። ከሕግ ውጭ የታሰረ ሰው እንዲለቀቅ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 177 ጀምሮ በተደነገገው መሠረት የአካል ነፃ ማውጣት አቤቱታ ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚገኘው ደብረ ብርሃን ነው። የታሰረው ሰው ራሱ ማመልከት ካልቻለ ሌላ ሰው በቃለ መሐላ አስደግፎ ሊያመለክትለት ይችላል። የአሠራር ለውጥ የወራት ሥራ ስለሆነ፣ የአንድ ሰው ነፃነት በዚያ ሥራ ስም መዘግየት የለበትም።

የሰው ጥፋት ነው ወይስ የአሠራር?

አንድ ችግር የአሠራር ችግር መሆኑን ለማወቅ ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ። ኃላፊው ወይም መርማሪው ሲቀየር ችግሩ ይቀጥላል ወይ? በጎረቤት ወረዳ ባለው ጣቢያም ይታያል ወይ? ችግሩ ሲፈጠር «ይህ ለምን ሆነ?» ብሎ የመጠየቅ ግዴታ ያለበት ሰው አለ ወይ? ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች መልሱ «አዎ»፣ ለሦስተኛው «የለም» ከሆነ ጉዳዩ ከግለሰብ አልፏል ማለት ነው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የሚፈጸምን እስር እንውሰድ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 3 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ከዚህ ጊዜ የሚቀነሰው ከተያዘበት ቦታ ፍርድ ቤት ለመድረስ በተገቢ ግምት የሚያስፈልገው የጉዞ ጊዜ ብቻ ነው። ቅዳሜና እሑድ አይቆጠሩም የሚል ቃል በአንቀጹ ውስጥ የለም። በመርሐቤቴ ቆላ ቀበሌ ዓርብ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የቀበሌ ሚሊሻ የያዘውን ሰው አስቡ። ሚሊሻው መኪና ስለሌለው ቅዳሜ ጠዋት በእግር ይዞት ዓለም ከተማ ይደርሳል፤ ጣቢያው ሰዓቱን የሚቆጥረው እርሱ ከተረከበበት ጊዜ ጀምሮ ነው፤ ፍርድ ቤቱ ዝግ ነው፤ ሰኞ መርማሪው የምስክር ቃል አላጠናቀቀም፤ ሰውየው ዳኛ ፊት የሚቆመው ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ይሆናል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ክፉ ሰው መፈለግ አያስፈልግም። ሚሊሻው፣ ተረኛው፣ መርማሪውና ዳኛው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሥራ እንደ ልማዱ ሠርተው በድምሩ ሕገ መንግሥቱ ተጥሷል። መርማሪውን ወደ ሌላ ወረዳ ማዛወር ከዚህ ውስጥ አንዱንም አይለውጥም። ሰዓቱ ሚሊሻው ሰውየውን ከያዘበት ጊዜ ጀምሮ እንዲቆጠር ማድረግና ቅዳሜ ተረኛ ችሎት እንዲኖር ማድረግ ግን ይለውጠዋል። ፍርድ ቤቶቻችን በክረምት የዕረፍት ወቅት አስቸኳይ ጉዳይ የሚያይ ተረኛ ችሎት የማደራጀት ልምድ ስላላቸው፣ ጥያቄው ከዚህ በፊት ያልተሰማ አይደለም።

ሁለተኛው ምሳሌ የክስ አቀባበል ነው። በጉ የተሰረቀበት የመንዝ ገበሬ ጣቢያ ሲደርስ «ማስረጃህን ይዘህ ና» ይባላል፤ ባሏ የደበደባት ሴት «በሽማግሌ ጨርሱት» ተብላ ትመለሳለች። ማስረጃ ማሰባሰብ የመርማሪ ሥራ ነው እንጂ የተበዳይ ሥራ አይደለም፤ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉም የሚቀርብ ክስ በጽሑፍ ሰፍሮ፣ ቀን ተጽፎበት፣ በአቅራቢው እንዲፈረም ያዛል። ሽምግልናን የማከብር ሰው ነኝ፤ የደም ቂም ያበረዱ አባቶች ያሉበት አገር ነው። ነገር ግን የተደፈረች ልጅ ጉዳይ ለዕርቅ ተብሎ ከመዝገብ ውጭ ሲቀር ሽማግሌው የፖሊስን ሥራ እንዲሸፍን መደረጉ ነው፤ ይህንንም እንደ ባህል ማለፍ አይገባም። በመዝገብ ያልሰፈረ አቤቱታ በወረዳው ሪፖርት ላይ ወንጀል እንደቀነሰ ተደርጎ ስለሚታይ፣ ችግሩ ራሱን እየሸፈነ ይኖራል።

በእጃችሁ መኖር ያለበት ሕግ

የሕግ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ ጥቂት አንቀጾችን በትክክል ማወቅ ግን ያስፈልጋል። ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው፣ ዝም የማለት መብት እንዲኖረውና እንዲናዘዝ እንዳይገደድ ይደነግጋል፤ በማስገደድ የተገኘ ቃልም ተቀባይነት የለውም። አንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያለ ሰው ከትዳር ጓደኛው፣ ከቅርብ ዘመዶቹና ከጓደኞቹ፣ ከሃይማኖት አባቱ፣ ከሐኪሙና ከጠበቃው ጋር የመገናኘት መብት እንዳለው ይናገራል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 59 የምርመራ ጊዜ ቀጠሮ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ይወስናል፤ በቁጥር 33 ደግሞ ፍርድ ቤት በተለየ ካላዘዘ በቀር በማዘዣ የሚደረግ ብርበራ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ እንዲፈጸም ያዛል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 423 ከሕግ ውጭ ማሰርን፣ በአንቀጽ 424 ደግሞ በተያዘ ወይም በሚመረመር ሰው ላይ ተገቢ ያልሆነ ዘዴ መጠቀምን ወንጀል ያደርጋል። እነዚህን በአንድ ገጽ አባዝታችሁ በእድሩ መዝገብ ውስጥ አኑሩ።

መዝገቡን መያዝ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ሥራ ይህ ነው። «ፖሊስ ሰው ያንገላታል» የሚል አቤቱታ በየትኛውም ቢሮ «እናጣራለን» ተብሎ ይታለፋል። ቀንና ሰዓት የያዘ መዝገብ ግን ወይ መስተባበል ወይ መታመን አለበት፤ ለማስተባበል ደግሞ ጣቢያው የራሱን መዝገብ መግለጥ ይኖርበታል።

አንድ ተራ ደብተር ይበቃል። ጸሐፊው ከእድሩ የሚታመን፣ የእጅ ጽሑፉ የሚነበብና ወሬ የማያዛምት ሰው ይሁን። ለእያንዳንዱ ሰው የሚጻፈው የሚከተለው ነው፦ የተያዘበት ቀንና ሰዓት፤ የያዘው ሚሊሻ ነው ወይስ ፖሊስ፤ ምክንያት ተነግሮት እንደሆነ፤ ጣቢያ የገባበት ሰዓት፤ ቤተሰብ ያወቀበት ሰዓትና በማን በኩል እንዳወቀ፤ ፍርድ ቤት የቀረበበት ቀን፤ ፍርድ ቤቱ የሰጠው ትእዛዝ፤ ትእዛዙ የተፈጸመበት ቀንና ሰዓት። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ለየብቻ መጻፍ የግድ ነው፤ ፍርድ ቤት በዋስትና እንዲለቀቁ ያዘዘላቸው ሰዎች ሳይለቀቁ የሚቆዩበት ሁኔታ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ራሱ በተለያየ ጊዜ በመግለጫ ያነሣው ችግር ነውና፣ በትእዛዙና በመለቀቁ መካከል ያለው ክፍተት በደብተራችሁ ላይ መታየት አለበት።

ሰዓት ስትጽፉ «ጠዋት» ወይም «ወደ ማታ አካባቢ» አትበሉ፤ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» በሉ። የጣቢያ መዝገብ ብዙ ጊዜ የሚደክመው እዚሁ ላይ ነው፦ ስምና የተጠረጠረበት ወንጀል በደንብ ተጽፎ የሰዓቱ አምድ ባዶ ይቀራል፣ ወይም «ጠዋት» የሚል ቃል ብቻ ይሰፍርበታል። ሰዓት ያልተጻፈበት እስር 48 ሰዓቱ መቼ እንደሞላ ማንም ሊናገር አይችልም፤ የጣቢያ አዛዡም ቢሆን። የተሻለ ሰዓት የሚያውቁት ምሳ ዕቃ ይዘው በጣቢያው በር የሚቆሙት እናቶችና እኅቶች ናቸው። እነርሱ ስንት ሰዓት እንደመጡ፣ ማን ምግቡን እንደተቀበላቸው፣ ዕቃው ባዶ ሆኖ መቼ እንደተመለሰላቸው፣ በስንተኛው ቀን ልጃቸውን በዓይናቸው እንዳዩት በትክክል ይናገራሉ፤ በወንዶች ስብሰባ ላይ ስለማይገኙ ብቻ ምስክርነታቸው ሲቀር አይቻለሁ። ወደ ቤታቸው ሄዳችሁ ጠይቋቸው።

በደብተሩ ላይ «ያየሁት»ና «የሰማሁት» የሚሉ ሁለት ምልክቶች ይኑሩ፤ የተሰማ ነገር እንደታየ ተደርጎ ከተጻፈና አንዱ ሐሰት ሆኖ ከተገኘ እውነተኞቹም አብረው ይወድቃሉ። ስማችን እንዲወጣ ያልፈቀዱ ሰዎችን ስም ለብቻው በሌላ ወረቀት ያዙና በዋናው ደብተር ላይ ቁጥር ብቻ ስጧቸው። የማንኛውንም ሰው፣ የፖሊስ አባልም ቢሆን፣ ስምና ፎቶ በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም አትልቀቁ፤ በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር ሕይወት ያስጠፋል፣ የአሠራር ጥያቄያችሁንም የጠብ ጥያቄ ያስመስለዋል። አንድ ሩብ ዓመት ያህል መዝግቡ፤ በጣም ጥቂት ጉዳይ ብቻ ከሆነ «አጋጣሚ ነው» ይባላል።

በተጨማሪ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት አለው። የግለሰቦችን ስም ሳይሆን ቁጥሩን ብቻ ጠይቁ፦ በሩብ ዓመቱ ስንት ሰው ተያዘ፣ ስንቱ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ቀረበ፣ ስንት አቤቱታ ተመዘገበ። እንዲህ ያለ ጥቅል አሐዝ ምርመራን ስለማያሰናክል በቀላሉ ሊከለከል አይገባውም። መልስ ከተነፈጋችሁ አቤቱታው የሚቀርበው ለእንባ ጠባቂ ተቋም ነው።

ምን እንደምትጠይቁ ወስኑ

«ፖሊስ ይለወጥልን» የሚል ጥያቄ ማንም ሊፈጽመው የማይችለው ጥያቄ ነው። የሌሎች አገሮች ልምድ እዚህ ላይ ይጠቅማል። በእንግሊዝ በ1970ዎቹ ሦስት ወጣቶች በፖሊስ ጣቢያ በሰጡት የሐሰት የእምነት ቃል ተፈርዶባቸው በኋላ ፍርዱ ከተሻረ ወዲህ የተጀመረው ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣውን የፖሊስና የወንጀል ማስረጃ ሕግ አስከተለ። ሕጉ በጣቢያ ውስጥ የታሳሪውን ሁኔታ የሚከታተል፣ በዚያ ሰው ምርመራ ግን እጁ የሌለበት የጥበቃ ኃላፊ እንዲኖር አደረገ፤ እስሩ አስፈላጊ መሆኑ መጀመሪያ ከ6 ሰዓት በኋላ፣ ከዚያም በየ9 ሰዓቱ እንዲታይና ውሳኔው እንዲጻፍ አዘዘ። ያ ለውጥ የእንግሊዝን ፖሊስ ከጥፋት ሁሉ አላጸዳውም፤ ነገር ግን አሳሪውና ጠባቂው አንድ ሰው የነበረበትን አሠራር ለየው። ለአንድ ወረዳ ጣቢያ ከዚህ የበለጠ የሚቀርብ ትምህርት አላውቅም፣ ምክንያቱም የሚያስፈልገው ሌላ ተረኛና ሌላ መዝገብ ነው።

ጆርጂያ እ.ኤ.አ. በ2004 የትራፊክ ፖሊሷን በትና በአዲስ ኃይል ተካች፤ የመንገድ ላይ ጉቦ በአጭር ጊዜ ቢቀንስም እ.ኤ.አ. በ2012 በእስር ቤት የሚፈጸም ግፍ በቪዲዮ ወጣ። ሰሜን አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣ ሕግ የተመሠረተውን፣ የፖሊስ አቤቱታን ብቻ የሚያይ ገለልተኛ ተቋም በ2000 ሥራ አስጀመረች፤ በ1999 የወጣውንና 175 ምክረ ሐሳቦችን የያዘውን ሪፖርት ተከትላም በ2001 የፖሊስ ኃይሉን ስምና አደረጃጀት ለወጠች። ኬንያም እ.ኤ.አ. በ2011 ገለልተኛ የፖሊስ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን በሕግ መሥርታለች፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2024 በተደረጉት ሰልፎች በርካታ ሰዎች ተገድለዋል። ከእነዚህ የምረዳው ሰውን ብቻ መለወጥም ሆነ ተቋም ብቻ ማቋቋም እንደማይበቃ፣ የዕለት ሥራው ራሱ መለወጥ እንዳለበት ነው። በእኛ አገር የፖሊስ አቤቱታን ብቻ የሚመረምር ራሱን የቻለ ተቋም ባለመኖሩ፣ ከወረዳ ጀምሮ የሚደረገው ግፊት ይበልጥ አስፈላጊ ይሆናል።

ስለዚህ ጥያቄያችሁን ከሦስት አታስበልጡ፤ ሁሉም በወረዳው አቅም የሚፈጸሙ ይሁኑ። የአቤቱታው ቃል በሚከተለው መልክ ሊሆን ይችላል፦

«ከ… ቀን እስከ … ቀን ባለው ጊዜ በቀበሌያችን ከተያዙ … ሰዎች ውስጥ … የሚሆኑት ፍርድ ቤት የቀረቡት ከ48 ሰዓት በኋላ መሆኑን መዝግበናል። ዝርዝሩ ተያይዟል። አቤቱታችን በማንም የፖሊስ አባል ላይ የቀረበ ክስ ሳይሆን በአሠራሩ ላይ ነው። ስለሆነም አንደኛ፣ ማንኛውም ሰው በቀበሌ ሚሊሻም ሆነ በፖሊስ የተያዘበት ሰዓት በጣቢያው የዕለት ሁኔታ መዝገብ ላይ እንዲሰፍር፤ ሁለተኛ፣ በምርመራው የማይሳተፍ ተረኛ ይህን መዝገብ ጠዋትና ማታ አይቶ እንዲፈርም፤ ሦስተኛ፣ ዐቃቤ ሕግ በየሳምንቱ መዝገቡን እንዲመለከት እንዲታዘዝልን እንጠይቃለን።»

«በማንም ላይ የቀረበ ክስ ሳይሆን» የሚለው ቃል ለማለሳለስ የገባ አይደለም። ድብደባ ወይም ጉቦ ካለ ያ የወንጀል ጉዳይ ነውና ለብቻው፣ በስም፣ ለዐቃቤ ሕግ ይቅረብ። ሁለቱን በአንድ ወረቀት ማደባለቅ ስለ አሠራሩ የሚጠየቀውን ሰው ራሱን እንዲከላከል ያደርገዋል።

ወዴት ይወሰዳል?

በመጀመሪያ ከጣቢያው አዛዥ ጋር ተነጋገሩ፤ ሦስት ወይም አራት ሆናችሁ፣ ከሽማግሌዎችና ከሃይማኖት አባቶች ጋር ሂዱ እንጂ በጅምላ አትሂዱ። ይህን የምለው ለወግ ብቻ አይደለም። ከወለዳቸው ቤተሰብ ርቀው፣ በአነስተኛ ደመወዝ፣ አንዳንዴም ነፍሳቸውን አሲዘው የሚሠሩ አባላት የአሠራሩን ጉድለት ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ተሽከርካሪ የለም፣ ነዳጅ የለም፣ የእስረኛ ቀለብ በጀት አይበቃም የሚለውን ከእነርሱ ስትሰሙ ጥያቄያችሁ ላይ ጨምሩት። አዛዡ ባይቀበል እንኳ አቤቱታውን በሁለት ቅጂ አዘጋጅታችሁ በአንዱ ላይ የተቀበለበትን ቀንና ማኅተም አስደርጉ።

ቀጥሎ የወረዳው ፖሊስ ጽሕፈት ቤትና የወረዳው ዐቃቤ ሕግ፣ ከዚያም ደብረ ብርሃን የሚገኘው የዞኑ ፖሊስ መምሪያ፣ በመጨረሻም ባሕር ዳር ያለው የክልሉ ፖሊስ ኮሚሽን አሉ። በፍቼ በኩል ያላችሁ የኦሮሚያ ሰሜን ሸዋ ነዋሪዎች ሰንሰለቱ በራሳችሁ ክልል ነው። የያዘው የፌዴራል ፖሊስ ወይም መከላከያ ከሆነ ደግሞ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ሊያዘው ስለማይችል አቤቱታው በየራሱ የዕዝ መሥመር ይሄዳል።

ብዙ ሰው የሚረሳው የወረዳ ምክር ቤቱን ነው። አስፈጻሚውን የመቆጣጠርና በጀት የማጽደቅ ሥልጣን የእርሱ ነው፤ የሕግና አስተዳደር ጉዳይ የሚያይ ቋሚ ኮሚቴውም ጣቢያውን ሄዶ ሊጎበኝ ይችላል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ጥያቄያችሁ በግንቦት በቀበሌያችሁ ተወካይ እጅ መድረስ አለበት፤ «ዳኛ ሲገኝ ተናገር፣ ውኃ ሲጎድል ተሻገር» እንደሚባለው፣ በመስከረም የቀረበ የነዳጅ ጥያቄ ዓመቱን ሙሉ «በሚቀጥለው በጀት» ይባላል።

በዚህ ሁሉ መልስ ካልተገኘ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና የእንባ ጠባቂ ተቋም አሉ። ሁለቱም በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋሙ ሲሆን አገልግሎታቸው ያለ ክፍያ ነው። ኮሚሽኑ ማረፊያ ቤቶችን ያለ ቅድመ ማስታወቂያ የመጎብኘት ሥልጣን ስላለው የሰዓት መዝገባችሁ ለእርሱ በቀጥታ ይጠቅመዋል። በፍርድ ቤት በመታየት ላይ ያለ ጉዳይ ግን አይቀበልም።

በጸጥታ ችግር ጊዜ

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በክልሉ የታወጀውና በኋላ የተራዘመው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ቢያበቃም፣ ግጭቱ በመንገዶችና በቀበሌዎች ላይ ያሳደረው ጫና የሚታወቅ ነው። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱ ሲወሰን ከአባላቱ ወደ መደበኛ ፖሊስ የሚገቡ እንደሚኖሩም በይፋ ተነግሯል። ለውጊያ የሠለጠነ ሰው ቃል መቀበልን፣ የብርበራ ማዘዣንና የ48 ሰዓቱን ገደብ እንደገና ካልተማረ ጣቢያው ወደ ካምፕነት ያዘነብላል፤ ስለዚህ የሥልጠና ጥያቄ ከሦስቱ ጥያቄዎቻችሁ አንዱ ቢሆን ተገቢ ነው። መንገድ የማያስተማምን ከሆነ መዝገባችሁን በአንድ ሰው ቤት አታከማቹ፣ ለመፈረምም ሰዎችን አታሰባስቡ፤ አቤቱታውን በጠበቃ ወይም በፖስታ መላክ ይቻላል። ሕይወትን አደጋ ላይ የሚጥል ከሆነ መቆየት ጥፋት አይደለም።

ከመልሱ በኋላ

መልስ ሲሰጣችሁ ደብተሩን አትዝጉ። በተመሳሳይ አምዶች ሌላ ሩብ ዓመት መዝግቡና ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ። የተያዘበት ሰዓት በጣቢያው መዝገብ ላይ መስፈር ከጀመረና ፍርድ ቤት የመቅረቢያው ጊዜ ካጠረ፣ ያንኑ ለአዛዡ በጽሑፍ ነግራችሁ ለጎረቤት ቀበሌዎች ቅጹን ስጡ። ሰዓቱ እየተጻፈ ሰዎቹ ግን አሁንም የሚዘገዩ ከሆነ ችግሩ ከጣቢያው ወደ ችሎቱ ወይም ወደ ተሽከርካሪው ተሻግሯልና፣ ቀጣዩ ደብዳቤያችሁ ለፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ወይም ለምክር ቤቱ ይጻፍ። ምንም ያልተለወጠ ከሆነ ሁለቱንም መዝገቦች ማኅተም ካረፈበት የመጀመሪያ አቤቱታ ቅጂ ጋር አያይዛችሁ አንድ ደረጃ ከፍ ወዳለው አካል ላኩ።